አረንጓዴ መቀነት በሻደይ ሰሞን

እናንተዬ፣ ሰቆጣ ይቅር ትላለች እንጂ አትረሳም። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ፣ እኔም ሽበት አበቀልኩ፤ ዛሬም ቢሆን ገበያ ወርጄ በበግ ተራ በኩል ካለፍኩ አንዱ ነጋዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እለፍ ጌታው፣ እለፍ፣ ታስሯል» ይለኛል። ዙሪያው ያለው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ካልሳቅኩ ይብስብኛል። ወሬውን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ግን ከኔው ብትሰሙት ይሻላል፤ ያገሬ ሰው ሲያወራው በጉን ዝሆን አሳክሎታል። ዝሆን አልነበረም። በግ ነው። በግ መሆኑ ነው እኮ የሚያናድደው።

የነገሩ መነሻ ይርገዱ ናት፤ የባላምባራስ ወረታ ልጅ። ባላምባራስ ከከተማው በላይ ባለው ዳገት ላይ የሚኖሩ፣ ገብስ የሚያርሱ፣ ከብትና በግ የሞላቸው፣ ጥርሳቸውን ግን ለሰው አሳይተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሲስቁ ያየ የለም፤ አንዳንዱማ ከነጭራሹ ጥርስ የላቸውም ይላል። ይርገዱ በመልኳ ወደ እናቷ ሄዳለች፣ እግዜር ይስጣት፤ በአንደበቷ ግን ወደ ማንም አልሄደችም፣ ለብቻዋ ናት። አንዴ የተናገረችህን ሰንብተህ ታመነዥገዋለህ። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ጀምሬ፣ ድምፄ ቅዳሴውን ሲያበላሸው በሰላም ተሰናብቼ፣ በከተማው ትምህርት ቤት ለሕፃናት ፊደል አስቆጥር ነበር። ይርገዱን ወደድኳት። ለምን ወደድካት ብትሉኝ፣ ሰው ሚጥሚጣ ለምን ይወዳል?

በግንቦት ወር ሽማግሌ ተላከ። አባቴ አሉበት፤ አፈ ጉባኤው ግን አያ ደምሌ ናቸው። አያ ደምሌ በችሎት ሙግት ያረጁ፣ የተሸነፉበትን ነገር እንኳ አሸንፌያለሁ ብለው ቤታቸው የሚገቡ አዛውንት ነበሩ። ደንቡ ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል ነው። እኔ ግን ሰው ስለኔ ደግ ሲናገር ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ዛሬስ ልስማው ብዬ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸውና ከባላምባራስ የድንጋይ ካብ ጀርባ ተለጠፍኩ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ባላምባራስ ተቀምጠዋል። አያ ደምሌ ጀመሩ።

«ልጃችን ጨዋ ነው። የተማረ ነው። አንበሳ ቢመጣበት ዓይኑን አያሽም።»

እኔ ከካቡ ጀርባ ደረቴ ተነፋ። እውነት ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ ወይ እያልኩ ሳለሁ ከኋላዬ አንድ ነገር መሬቱን ሲደበድብ ሰማሁ። አንበሳ አልነበረም። አባ ግፋው ነው።

አባ ግፋው የባላምባራስ አውራ በግ ነው። ፈረሳቸው ከሞተ ወዲህ የፈረስ ስም ያወጡት ለሱ ነበር። ቀንዱ ሁለት ዙር ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ሰው ይመለከታል፤ ግንባሩ ወፍጮ ነው። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ካቡን ዘልዬ፣ በሽማግሌዎቹ መሀል ሰንጥቄ፣ በአባቴና በአያ ደምሌ መካከል «ወይኔ እናቴ» እያልኩ አልፌ፣ ግቢው ዳር ካለው የገለባ ክምር አናት ላይ ወጥቼ ተገኘሁ። በጉ ከታች ይዞራል። አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው ይዘዋል፤ ለኔ ይሁን ለበጉ አልለየሁም።

ባላምባራስ ክምሩን አይተው አያ ደምሌን አዩ።

«አንበሳ ቢመጣበት ዓይኑን የማያሸው ይሄ ነው?»

አያ ደምሌ ቅንጣት አልደነገጡም። «አንበሳ አልን እንጂ በግ አላልንም» አሉ።

ጥሩ መልስ ነበር፤ በችሎት ቢሆን ያስረታል። ባላምባራስ ግን አልተረቱም። «ከደጋው ከደሃናም ጠያቂ አለ» አሉ። «ለፈሪ ልጅ አልድርም፤ ለሱስ ከምሰጣት ቤት ብትቀር ይሻላል። ለሁሉም የሻደይ ዕለት እዚሁ ኑና ቁርጡን እነግራችኋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ይርገዱ ከጓዳ ወጣች። ማታ ማታ ለአባ ግፋው ሣር የምታጭድለት እሷ ናት፤ ያጨደችውን በመቀነቷ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ስለምታመጣው፣ በጉ ወገቧን ለምልሞ ካየ የገዛ ስሙን ይረሳል። ሣሩን እያበላች አሰረችውና ክምሩ ሥር መጥታ ቆመች።

«ደሃና ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አለች። «መሄድ አልፈልግም። አንተ ደግሞ ከበግ ትሸሻለህ። እኔ ምን ይሻለኛል?»

ይሄ እንግዲህ የፍቅር ቃሏ ነው። ከዚያ ወዲህ በትዳራችን ውስጥ ከዚህ የለሰለሰ ተናግራኝ አታውቅም። እኔ ግን ከክምሩ ላይ የወረድኩት ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ሻደይ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ናት፤ እስከዚያ ከየትም ብዬ ፍርሃቴን አውልቆ የሚጥልልኝ ሰው ማግኘት ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ነው ኮሪያ የሚመጣው።

አስር አለቃ ውበቱ ያገራችን ልጅ ናቸው። ኮሪያ ዘምተው፣ በሰላም ተመልሰው፣ ከጦሩ ጡረታ ወጥተው በአባታቸው ቤት ተቀምጠዋል። ሰው ስማቸውን ትቶ «ኮሪያ» ይላቸዋል። ቀጭን ናቸው፤ ነፋስ ሲበረታ ሰው የሚሰጋላቸው ዓይነት። ጧት ጧት ግቢያቸው ውስጥ አየሩን በእግራቸው ሲመቱ ጎረቤት መጀመሪያ ንብ ነው አለ፣ ቀጥሎ ዛር ነው አለ፣ በመጨረሻ ለመደው። አንድ ቀን ጠጅ ቤት ውስጥ ከአበርገሌ ፍየል ነድቶ የመጣ፣ በሩን ሞልቶ የገባ ነጋዴ ኮታቸውን ጨብጦ ብድግ አደረጋቸው። ሲያወርዳቸው አስር አለቃ እጅ ነሱት። ወዲያው ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው እሱም አላወቀም። አስር አለቃ እጁን ይዘው አነሱት፣ አቧራውን አራገፉለት፣ እንደገና እጅ ነሱት፤ ሰውዬው ጠጅ ጋበዛቸው።

እኔ የሰማሁት ይሄን ነው። ሄድኩ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ፍርሃት እንዲለቀኝ።»

«የምን ፍርሃት?»

በግ ማለት አፌ እንቢ አለ። «የጠቅላላ» አልኳቸው።

ደግሞ ሰቆጣ ውስጥ የሚደበቅ ነገር ያለ ይመስል። ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡ። ሙያውን «ታንግ ሱ» ይሉታል፤ ኋላ ቴኳንዶ ሲባል የሰማነው ይኸው ነው። ከምሽጉ ጀርባ ጦሩ ሲያርፍ አንድ ያገሩ ወታደር እንዳስተማራቸው ነገሩኝ።

«በምን ቋንቋ ተግባባችሁ?» አልኳቸው፤ የመምህር ነገር፣ የማይጠየቅ መጠየቅ እወዳለሁ።

«በእግር። መታኝ፣ ገባኝ።»

የመጀመሪያው ትምህርት ግን ምት አልነበረም፤ እጅ መንሳት ነው። ሁለት ሰዎች ከመጋጠማቸው በፊት ፊት ለፊት ቆመው፣ ወገብ ሰብረው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው እጅ ይነሳሳሉ። አስር አለቃ ይሄን ሲያስተምሩ እንደ ቅዳሴ ነው። «እጅ መንሳት ከሌለበት ድብድብ ነው፤ ካለበት ትምህርት ነው» ይላሉ። «ዓይንህን ከባላጋራህ አንሳና መሬት ጣል። እንዳመንከው ይወቅ።»

«ዓይኔን መሬት ጥዬ ሳለሁ ቢመታኝሳ?»

«ነውሩ የሱ ነው።»

«ጥርሱ ግን የኔ ነው» አልኳቸው።

አልሳቁም። እጅ መንሳት ብቻ ስማር ሰነበትኩ። ወገቤ ሲለምድ ወደ ፈረስ አቋቋም ተሻገርን። ይሄ እግርን ከፍቶ፣ ጉልበትን አጥፎ የሌለ ፈረስ ላይ መቀመጥ ነው። ፈረሱ የት አለ ስል ፈረሱ ትዕግሥት ነው አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ፈረስ ቶሎ ቶሎ እወርዳለሁ። ቤትህም ተለማመድ ስላሉኝ አንድ ጧት ጓሯችን ውስጥ ፈረሴ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴ ቀልቶ፣ ጥርሴን ነክሼ ስንቀጠቀጥ እናቴ ከበሩ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ገብታ ኮሶ በጠበጠች። ኮሶ አያስፈልገኝም ስል በአማርኛ ተቆጣችኝ፤ እንቢ ስል በአገውኛ ቀጠለች። እናቴ ወደ አገውኛ ከዞረች ነገሩ አልቋል፤ ጠጣሁት። ዝርዝሩን እለፉኝ። የዚያን ዕለት ትዕግሥት የሚባለው ፈረስ ከጓሯችን ጥሎኝ ጠፋ።

ቀጥሎ ጩኸት መጣ። ሲመቱ ከሆድ የሚወጣ ጩኸት አለ፤ ልብን ይሰበስባል፣ የባላጋራን ልብ ይበትናል ይላሉ። ሐምሌ ነው፣ አገር እርሻ ላይ ነው። አስር አለቃ ግቢ ውስጥ ቆመን፣ ከሆድህ አውጣው ሲሉኝ አወጣሁት። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሆዴ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ቅዳሴ ላይ ቢወጣልኝ ዛሬ ዲያቆን ነበርኩ። ሌላ አገር ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በኛ አገር ግን ጩኸት የሰማ ሰው ዱላውን ይዞ ካልደረሰ ነገ በሱ ሲደርስ የሚደርስለት የለም። እኛ ትምህርታችንን ጨርሰን እጅ ስንነሳሳ ዳገቱን የሞላ ሰው ግቢውን ሰብሮ ገባ። አንዱ ጥማዱን እፈሩ መሀል ትቶ ነው የመጣው፤ ጅራፉ በእጁ ነው። አንዷ ሴትዮ ዘነዘና ይዛለች። አባቴ መቋሚያቸውን እንደ ጦር ይዘው ከፊት ናቸው።

«ሌባው የታለ?» አለ ባለ ጥማዱ።

«ሌባ የለም» አሉ አስር አለቃ። «ትምህርት ነው።»

«ጅብስ?»

«ጅብም የለም።»

ሰው ሁሉ ዱላውን አየ። ያን ሁሉ ዳገት ሮጦ ወጥቶ የሚመታው ነገር ሲያጣ የሚናደደውን ሰው ንዴት ታውቁታላችሁ። አባቴን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። «ጩኸቱስ ይሁን» አሉ፤ «ስገባ የምትሰግዱት ለማን ነበር?»

«ስግደት አይደለም አባ፣ እጅ መንሳት ነው። እርስዎስ ባላምባራስ ቤት ሲገቡ እጅ ይነሱ የለም?»

አባቴ አሰቡት። «እነሳለሁ» አሉ፤ «ባላምባራስ ግን ወዲያው አይመቱኝም።»

በሽማግሌ ታየና ተወሰነ፤ መማሩ ይፈቀዳል፣ ጩኸት ግን ይቅር ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ነበር የምንጮኸው። አስር አለቃ «ከሆድህ!» ይላሉ በጆሮዬ፤ እኔም ከሆዴ አውጥቼ ከንፈሬ ላይ አስቀረዋለሁ። የባላጋራዬን ልብ መበተኑን እንጃ፣ የኔን አንጀት ግን በትኖታል።

ከሁሉ የባሰው የኩበቱ ነገር ነው። ኮሪያ ውስጥ ተማሪው ክንዱ መጠንከሩን የሚያሳየው ሳንቃ በቡጢ ሰብሮ ነው። እኛ ዘንድ ሳንቃ የት ይገኛል? ያለው የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው፤ እሱን የሰበረ ተማሪ ቢኖር ትምህርቱን በውግዘት ይጨርስ ነበር። አስር አለቃ አስበው አስበው፣ መጠኑም ውፍረቱም እንደዚያው ነው ብለው በኩበት ጀመሩልኝ። እናንተዬ፣ ደህና አድርጎ የደረቀ ኩበት በአንድ ቡጢ ለሁለት ሲከፈል ያለውን ደስታ ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም። ክፉ አመል ሆነብኝ። ቤትም ስገባ አንድ፣ ስወጣ አንድ ማለት ጀመርኩ። ክረምት ነው፣ ጠሐይ የለም፣ ደረቅ ኩበት ውድ ነው፤ እናቴ ዓመቱን ሙሉ የጠፈጠፈችውን ክምር እኔ በጥበብ ወደ ዱቄት ለወጥኩት።

ማታ ራት ላይ ተያዝኩ። አባቴ የሚማረውን አስቀድመን እንወቅ ብለው እናቴን አስታገሷትና «ይሄ ኮሪያ ያለው ሙያ ሕግ አለው ወይስ ዝም ብሎ መሰባበር ነው?» አሉኝ። ሕግ አለው ብዬ አስር አለቃ ያስጠኑኝን፣ የጥንቱ ያገሩ ጎበዛዝት የሚተዳደሩባቸውን አምስት ትእዛዛት አወረድኩላቸው፤ ለንጉሥህ ታመን፣ እናት አባትህን አክብር፣ ወዳጅህን አትክዳ፣ ከውጊያ አትሽሽ፣ ያለ ምክንያት ነፍስ አታጥፋ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ከኛው ነው የወሰዱት» አሉ። «አሥሩ ሲከብዳቸው አምስቱን አስቀሩ እንጂ።»

እናቴ አምስቱንም በጥሞና ሰምታ ነበር። «ኩበት አትስበር የሚል የለበትም?» አለች።

የለበትም። ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ በኔ ቤት ስድስት ሆነ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተጾመ፣ ተፈታ። ሻደይ ደረሰች። የሻደይ ዕለት ጧት አስር አለቃ ዘንድ ስሄድ ወግ ያለው ልብሳቸውን ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ። «እስካሁን የታጠቅከው ነጭ ነበር» አሉኝ፤ ነጠላዬን ማለታቸው ነው። «ነጭ ማለት ገና ያልተዘራበት ማሳ ነው። ዛሬ ቡቃያ ወጥቶልሃል። የቡቃያ መቀነት አረንጓዴ ነው።» ከድሮ የወታደር ድንኳን የተቀደደ አረንጓዴ ሸራ አወጡ። ዳርና ዳሩ ተፈትሎ እንደ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ወገቤን ዞረው አሠሩልኝ፣ እጅ ነሱኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሻችሁም። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ይሄ ነበር፤ እሱም ገና ቡቃያ ላይ ነው።

ሁለታችንም የሰቆጣ ልጆች ነን። ሁለታችንም ሻደይ ምን እንደሆነች እናውቃለን። ልጃገረዶቹ ሹርባ ተሠርተው፣ ኩል ተኩለው፣ ስሟን የሰጣትን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው የሚጨፍሩባት ቀን ናት። በዚያ ቀን በዚያ አገር ወገቡ ላይ አረንጓዴ ያሠረ ወንድ ከአዳም ጀምሮ አልታየም። እሳቸው ልባቸው ኮሪያ ነበር፣ የኔ ልብ ባላምባራስ ቤት፤ ሰቆጣ የነበረ ሰው አልነበረንም።

በከተማው መሀል አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሳልፍ ሰው ሲያየኝ አከበረኝ መሰለኝ። ከባላምባራስ ቤት በታች ያለው ሜዳ ሞልቷል። ባላምባራስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አባቴና አያ ደምሌ ቁርጡን ሊሰሙ አጠገባቸው ናቸው፣ አስር አለቃም ከኋላዬ ደርሰው ከሰው ጋር ቆሙ። ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው ከበሮው ይመታል። ግጥም አውጪዋ ይርገዱ ናት። አየችኝ። ወገቤን አየች። አንዴ እንኳ ትንፋሽ ሳትወስድ፤

«ወገቡን አስሮ ለምለም ሣር መሳይ፣
የቄሱ ልጅ መጣ ሊጨፍር ሻደይ!»

ክቡ ፈነዳ። ከበሮ የምትመታዋ ከበሮዋን ጥላ ተቀመጠች። ሜዳው፣ ዳገቱ፣ ካቡ ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሳቀ፤ ያኔ ነው ወገቤን ያየሁት። ልፍታው ብዬ ቋጠሮውን ስታገል፣ የወታደር ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም። እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋናዬ ነበር።

መሬት አልተከፈተችም። የተከፈተው የአባ ግፋው በር ነው። በጉ ያን ሁሉ ለምለም ወገብ ባንድ ጊዜ አይቶ፣ ማታ ማታ አንድ ለምለም ወገብ የሚመግበው ፍጡር፣ ይሄ ሁሉ ራት ለኔ ነው ብሎ ቢነሳ ምን ይፈረድበታል? ገመዱን በጥሶ ቁልቁል መጣ። ልጃገረዶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ዳገቱ ተበተኑ። ሜዳው መሀል እኔና አረንጓዴ መቀነቴ ቀረን።

እግሬ ሊሮጥ ተነስቶ ነበር፤ አልክድም። ባላምባራስን አየሁ፤ እያዩኝ ነው። ይርገዱን አየሁ፤ ከዳገቱ ላይ ሳቋን ትታ ሣሯን በሁለት እጇ ጨብጣ እያየችኝ ነው። ደሃናና ብርዱ ፊቷ ላይ ነበሩ። ከውጊያ አትሽሽ አልኩ ለራሴ። ፈረሴ ላይ ወጣሁ። አባ ግፋው ፊት ለፊቴ ደርሶ ቆመ።

እንግዲህ ተማሪ ነኝ። ከመግጠም በፊት ምን ይደረጋል? እጆቼን ከጎኔ አድርጌ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ዓይኔን መሬት ጥዬ በሥርዓት እጅ ነሳሁት።

የበግ እረኛ የሆነ ሁሉ አሁን ጭንቅላቱን ይዟል። አውራ በግ ፊት ራስን ዝቅ ማድረግ በበግ ቋንቋ «ና ግጠመኝ» ማለት መሆኑን በአገራችን በዋግ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን በኮሪያኛ ነበር የማስበው። ግንባሩ አናቴ ላይ ሲያርፍ ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡ።

ጭቃው ላይ ተንጋልዬ ከሕዝቡ መሀል የአስር አለቃን ድምፅ ሰማሁ። «ነውሩ የሱ ነው!» ይላሉ።

ተነሳሁ። ሲነሱ አዲስ ግጥሚያ ነው፤ አዲስ ግጥሚያ በእጅ መንሳት ይጀመራል። እጅ ነሳሁት። ደገመኝ። ተነሳሁ፣ እጅ ነሳሁት። ሰለሰኝ። ሰው እርስ በርሱ እየተደጋገፈ ይስቃል፤ አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ትን ብሎት ጀርባውን ይመቱታል። አባቴ ቆመው «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና ይነሣማል» እያሉ ይደግማሉ፤ ጻድቅ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። አያ ደምሌም ይሄን አጋጣሚ አላሳለፉትም፤ «ባላምባራስ፣ ይመዝገብልኝ፣ ልጃችን ሸሽቷል? አልሸሸም» ሲሉ ይሰማኛል።

በመጨረሻ ስነሳ አባ ግፋው አልመታኝም። ግራ ገብቶት አየኝ። በዕድሜው የሚሸሽ አይቷል፣ ዱላ የሚያነሳም አይቷል፤ እየወደቀ ሰላም የሚለው ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም። ቀስ ብሎ ቀረበና የመቀነቴን ዘርፍ ጎረሰ። ሸራ ነው፣ አይበጠስም። የወታደር ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም። የጎረሰውን ሳይለቅ ወደ ቤቱ ሲያቀና እኔም ወገቤን ተጎትቼ ተከተልኩት፤ ሁለታችን በሰላም አዝግመን ባላምባራስ እግር ሥር ደረስን። ትልቅ ሰው ፊት ነኝ፤ ጭቃዬን እንደለበስኩ እጅ ነሳሁ።

ያን ጊዜ የባላምባራስን ጥርስ አየሁት። ሙሉ ነበር፤ አንድ አልጎደለም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ሲበቃቸው ፊታቸው ወደ ወትሮው ተመለሰ።

«በግ የሚያሸንፍ ወንድ ሞልቷል» አሉ። «የደሃናውም ያሸንፋል ይሉኛል። ልጄን ግን የማውቃት እኔ ነኝ። ይሄ በግ ይርገዱ ስትቆጣ አጥር ሥር ይገባል። የሚሸሽ ባል አብሯት አይዘልቅም። የሚማታ ባል ደግሞ እኔ በሕይወት እያለሁ አልሰጣትም። እየወደቀ የሚነሳ፣ ተነስቶም እጅ የሚነሳ ሰው ነው የሚያኖራት። ቀን ቁረጡ።»

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? አባቴ አቀፉኝ፣ አያ ደምሌ ሙግቱን እሳቸው እንደረቱ ለሰው ማስረዳት ጀመሩ፣ አስር አለቃ ዓይናቸውን መሬት ጥለው ቆመዋል፤ እያለቀሱ መሆናቸውን ከእጅ መንሳት መለየት አይቻልም። ይርገዱ ከዳገቱ ወርዳ መጣች። «አባባ፣ እኔን ከበግ ጋር ነው የሚያወዳድሩኝ?» አለቻቸው። መልስ ሳትጠብቅ ወገቧ ላይ ያለውን ሻደይ መዝዛ ለአባ ግፋው ሰጠችው፤ ያኔ ነው ሸራዬን የለቀቀልኝ።

በጥር ተጋባን። ጎጆ በወጣን ሰሞን፣ አንድ ጧት ከቤት ስወጣ እጄ አመሉን አልረሳ ብሎ ከይርገዱ የኩበት ክምር ላይ የላይኛውን በቡጢ ለሁለት ከፈለው። ዞር ስል ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ስድስተኛውን ትእዛዝ አፍርሻለሁ። ከዚህ ሁሉ ትምህርት የቀረኝን አንዱን ነገር አደረግኩ፤ ወገቤን ሰብሬ፣ ዓይኔን መሬት ጥዬ እጅ ነሳኋት። ከላይ ማማሰያው ተነስቶ ሲቆም ጥላውን አየሁት። ቆየ። ወረደ።

«ልመታህ ነበር» አለች ይርገዱ፤ «ነውሩ የኔ እንዳይሆን ብዬ ተውኩት።»